የጨዋ ሰው ቤንዚን

ኤቫዚዮ ቤርቶሎኔ ቶሪኖ ከተማ በቫሌሮ የመኪና ንድፍ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ የነደፈው የበር እጀታና የሲጋራ መተርኮሻ ብቻ ነበር። ይህን የምለው ላሳንሰው አይደለም። የእሱ እጀታ የተገጠመለትን በር ሕፃን ልጅ በሁለት ጣት ይከፍተዋል፤ መተርኮሻውም መኪናው ጉድጓድ ቢገባ አመድ አያፈስም። ግን ሰው ሃምሳ ሰባት ዓመት ሞልቶት፣ ጡረታው ሦስት ዓመት ቀርቶት፣ የሚያልፍ መኪና ባየ ቁጥር ለሚስቱ «ያቺ እጀታ የእኔ ናት» እያለ መኖር ያሳፍራል። ሚስቱ ዴልፊናም «መኪናውስ የማነው?» ትለዋለች፣ መልሱን እያወቀች።

ከዚያ ቤንዚን ከገበያ ጠፍቶ ጉድ ፈላ። በዚያ ክረምት እሑድ እሑድ መኪና መንዳት ተከለከለና፣ መኪና ሠርታ የምታድረው ከተማ በሙሉ በብስክሌት ቤተ ክርስቲያን መሳም ጀመረች። የንድፍ ቤቱ ባለቤት፣ «ኮሜንዳቶሬ» በሚል የክብር ማዕረግ የሚጠሩት ቫሌሮ እንኳ ባለ ጸጉር ካፖርታቸውን እንደለበሱ በሚስታቸው ብስክሌት ላይ ታይተዋል። ሰኞ ጠዋት እያነከሱ ገቡና ነዳፊዎቹን ሁሉ ሰብስበው፣ «ቤንዚን የማትጨርስ ትንሽ መኪና ማን ይነድፍልኛል?» አሉ። ትልልቆቹ ነዳፊዎች ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። እነሱ ለሀብታም ልጆች ዝቅ ያለች፣ ቀይ፣ ሰፈር የምትቀሰቅስ መኪና ሲነድፉ የኖሩ ናቸው፤ ለአዋላጅና ለዳቦ ጋጋሪ የምትሆን መኪና መንደፍ ውርደት መሰላቸው። የኤቫዚዮ እጅ ግን ራሱን ኤቫዚዮን ሳያማክር ወጣ።

«አንተ? እጀታው?» አሉ ኮሜንዳቶሬው።

«አዎን፣ እኔ።»

«እሺ፣ ስምንት ወር ሰጥቼሃለሁ። ካልሆነ ወደ መተርኮሻህ።»

ስምንቱን ወር እንዴት እንዳሳለፈ ዴልፊናን ጠይቋት። ሾርባ እየጠጣ በማንኪያው እጀታ የጠረጴዛ ልብስ ላይ የካምቢዮ ጥርስ ይስላል። ስትናገረው «እህ» ይላል፣ ምን እንዳለችው ሲጠየቅ ግን አያውቅም። በመጨረሻ መኪናዋ ወጣች፤ አንዲት ብቻ፣ ለሙከራ። አጭርና ክብ ሆና ከኋላዋ ትንሽ ሾጠጥ ስላለች የወርክሾፑ ሰዎች «ሽምብራ» አሏት። ኤቫዚዮ በስሙ የተናደደው አንድ ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ እሱም «ሽምብራዬ» ማለት ጀመረ።

አሁን የቀረው ምን ያህል እንደምትጠጣ መለካት ነው። ሌሎቹ ነዳፊዎች መኪናቸውን ለሙከራ ነጂ ይሰጣሉ፤ ነጂውም ሜዳ ላይ ይሽከረከርና ቁጥር ይዞ ይመጣል። ኤቫዚዮ ይህን ዘዴ ይንቀዋል። የሙከራ ነጂ የሚነዳው እንደ ነጂ ነው፤ ሰው የሚነዳው ግን እንደ ሰው ነው፤ ዳገት ላይ ይጨነቃል፣ መብራት ላይ ከሚስቱ ጋር ይጣላል፣ አውራ ጎዳና ላይ የቀደመውን ሰው ሳይቀድም እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ ሽምብራን ለሦስት ሰዎች ሳምንት ሳምንት ሊያውስ ወሰነ። አንደኛዋ በሞንፌራቶ ኮረብቶች ዳገት ለዳገት የምትሄድ፣ ሁለተኛው በሜዳው አውራ ጎዳና ሚላኖ የሚመላለስ፣ ሦስተኛዋ ከተማ ውስጥ በየመቶ ሜትሩ የምትቆም። ሰዎቹንም ለመምረጥ ተጨነቀ። ልጁን ለሞግዚት የሚሰጥ ሰው እንደሚጨነቀው፣ ከሚያውቃቸው ሁሉ ጨዋ ጨዋዎቹን ለቀመ።

የኮረብታዋ ሲኞራ ፒዬሪና ኦቼሊ ነበሩ፤ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ቢሆንም እስካሁን የሚያዋልዱ፣ የኤቫዚዮን ሴት ልጅ ራሷን የተቀበሉ አዋላጅ። የአውራ ጎዳናው ኡጌቶ ራቬራ ነበር፤ የቁልፍና የዚፕ ናሙና በሻንጣ ይዞ የሚዞር ሻጭ፣ ከኤቫዚዮ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተማረ። የከተማዋ ኤርመሊንዳ የምትባል ኬክ ቤት ያላት መበለት ናት፤ ጠዋት ጠዋት ለሰላሳ ቡና ቤት ኬክ ታድላለች።

ለሦስቱም «ቤንዚናችሁን ልለካ ነው» አላላቸውም። ቢል ኖሮ ሁሉም ንስሐ እንደሚገባ ሰው ቀስ ብለው እንደሚነዱ ያውቃል። «ወንበሯ ይመች አይመች ንገሩኝ» ብቻ አላቸው። ታንከሩን እስከ አፉ ሞላ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፈ፤ ሲመለስ እንደገና እስከ አፉ ይሞላዋል፣ የገባው ቤንዚን የጠጣችው ነው ማለት ነው። ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም። ቁልፉንም ሲሰጣቸው፣ «ሙሉ ነው፣ ለሳምንቱ ይበቃል። ቤንዚን እንዳትጨምሩበት» አላቸው። ሦስቱም «እሺ» አሉ።

ሦስቱም በየተራ ሽምብራን ታጥባና ተወልውላ መለሷት። ኤቫዚዮ ማደያ ሄዶ ሲሞላት ጉድ አየ። ሲኞራ ፒዬሪና ሦስት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ሄደው የገባው ስድስት ሊትር ነው። ኡጌቶ አምስት መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር በርሮ ዘጠኝ ሊትር። ኤርመሊንዳ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሊትር። ኤቫዚዮ ሒሳቡን በወረቀት ሠራው፣ ቀጥሎ ማሽን ላይ ሠራው፣ ቀጥሎ በጣቱ ቆጠረው። በመቶ ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር እንኳ አይሞላም። አንድ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት መንገድ አንድ ዓይነት ስሕተት እንዴት ይሳሳታል? ዓርብ ቀትር ላይ ወደ ኮሜንዳቶሬው ቢሮ የሄደው እግሩ መሬት ሳይነካ ነው።

ኮሜንዳቶሬ ቫሌሮ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከቢሮ ሲወጡ አምፖል አጥፍተው የሚወጡ፣ እርሳስ አጥሮ በጣት መያዝ እስኪያቅት አዲስ የማይሰጡ ሰው ናቸው፤ በቁጥር አይቀለድባቸውም። «ሚላኖ ፋብሪካ ያለው ኢንጂነር ሶርማኒ ማክሰኞ ይመጣል። ካመነህ መኪናህን ይሠራታል» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን። ሰኞ ጠዋት ድረስ እኔ ራሴ እነዳታለሁ።»

ኤቫዚዮ ማታ ቤቱ ሲገባ ዴልፊና ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ሁሉንም ነገራት። እሷም እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ለማን ነበር ያዋስካት?»

«ለጨዋ ሰዎች ነዋ። መርጬ።»

«እንግዲያውስ ቤንዚን ጨምረውባታል» አለችና ሽንኩርቷን ቀጠለች።

«አትጨምሩ ብያቸዋለሁ፣ በአፌ።»

«እኔስ ሰው ምሳ ስጠራ ምንም እንዳታመጡ አይደል የምለው? ባዶ እጁን የመጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ኤቫዚዮ ክው ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እውነቷን ነበር። እኛ አገር፣ ቶሪኖ ባለችበት በፒዬሞንቴ፣ የተዋሱትን ነገር ባዶ መመለስ ብልግና ነው፤ ድስት ቢሆን ወጥ፣ ቅርጫት ቢሆን የዋልኖት ፍሬ ይገባበታል። እስከ አፉ ሞልቶ መመለስም ብልግና ነው፤ አዋሹን ባለዕዳ ማድረግ ይሆናል። ጨዋ ሰው ከወሰደው ትንሽ ጎደል አድርጎ ይመልስና ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አይልም። ሦስቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ስሕተት የተሳሳቱት ለዚህ ነው፤ ሦስቱንም ያሳደጓቸው እናቶች አንድ ዓይነት ነበሩ። ያቺ የሁለት ሊትር መኪና በሕይወት የለችም። ምን ያህል እንደምትጠጣ የሚያውቅ ሰው ምድር ላይ የለም፣ ማክሰኞ ደግሞ ሶርማኒ ይመጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ያዘ። በመጀመሪያ እንደ ደንቡ ሞከረ።

«ሲኞራ ፒዬሪና፣ ለመሆኑ ያን ሳምንት ምናልባት ትንሽ ቤንዚን…»

«ምኑን? እኔ? ኧረ ተወኝ ልጄ፤ ምን አውቃለሁ እኔ ስለ ቤንዚን። ልጅቷ ደኅና ናት?»

ኡጌቶ «ቀልደኛ ነህ» ብሎ ሳቀ። ኤርመሊንዳ ጭራሽ ጥያቄው ስላሳፈራት ወሬውን ወደ ክሬም አዞረችው። ኤቫዚዮ ስልኩን ዘግቶ ዴልፊናን አያት።

«በጨዋነት ከጠየቅሃቸው እስከ ምጽአት አይነግሩህም» አለችው። «ስደባቸው።»

«ምን?»

«መኪናዋን ባዶዋን መለሳችሁልኝ በላቸው። እያንዳንዷን ጠብታ ይቆጥሩልሃል።»

ኤቫዚዮ በሕይወቱ ሰው ሰድቦ አያውቅም። ትራም ላይ እግሩን የረገጠውን ሰው ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ መስታወት ፊት ቆመና «ባዶዋን ነው የመለስሽልኝ» ብሎ ተለማመደ፤ ሦስቴ ሲለው ሦስቴም መጨረሻው ላይ «እባክሽ» ገባበት። ዴልፊና ከበሩ ውጭ ሆና «እባክሽን አውጣት» ትለዋለች።

መጀመሪያ ኬክ ቤት ሄደ። ቅዳሜ ስለሆነ ቤቱ ጢም ብሏል። ኤርመሊንዳ ከመደርደሪያው ወዲያ ሆና ፈገግ አለችለት፤ ይህቺ ፈገግታ ልቡን ልትሰብረው ምንም አልቀራት። ዓይኑን ጨፈነና፣

«ሲኞራ ኤርመሊንዳ፣ መኪናዬን ባዶዋን ነው የመለስሽልኝ» አለ፣ ካሰበው በላይ ጮክ ብሎ።

አንዲት ሴትዮ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ባዶዋን?» አለች ኤርመሊንዳ። «ባዶዋን? አሥር ሊትር፣ ኤቫዚዮ። አሥር ሊትር በገዛ እጄ። ደረሰኙን ላምጣልህ? ላምጣልህ ወይ?» አመጣችው፤ ከገንዘብ መሳቢያው ሥር ነበር። ከዚያ ጨዋነቷ አንዴ ከፈረሰ ወዲያ የሚያቆማት ጠፋ። «መኪናህንም ልንገርህ? ፍሪሲዮኗ ጉልበቴን ገደለችው። ሰላሳ ቦታ ስቆም ሰላሳ ጊዜ የምረግጠው ወይን ነው እንዴ? ለእኔ ዓይነቷ አልተሠራችም። ወንበሯ ይመቻል ያልኩህ ላለማስቀየም ነው።»

ኤቫዚዮ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ጥግ ሲዞር ግን ቆመና «አሥር ሊትር። ፍሪሲዮን» ብሎ ጻፈ። አሥርና ሦስት አሥራ ሦስት ነው። ለመቶ ኪሎ ሜትር ሰባት ሊትር አለፈ። ይህ ግን እውነተኛ ቁጥር ነበር።

ኡጌቶን በስልክ ሰደበው። ኡጌቶ አልጮኸም። የሃምሳ ዓመት ጓደኛው እንዲህ አለው፦ «አሥራ ስድስት ሊትር ቀድቻለሁ፣ ሲኞር ቤርቶሎኔ። እርስዎ ይህን ማወቅ ከፈለጉ በጽሑፍ ልልክልዎ እችላለሁ። እግረ መንገዴንም ልንገርዎ፣ መኪናዎ በሜዳ ላይ ግሩም ናት፤ በሰዓት ሰማንያ ላይ ካቆዩዋት ጭራሽ ትተኛለች። ከመቶ ስታልፍ ግን ትጮኻለች። ደኅና ይዋሉ።» ስድብ ቢሆን ኤቫዚዮ ይችለው ነበር። «እርስዎ»ን ግን አልቻላትም።

እሑድ በአውቶቡስ ሞንፌራቶ ወጣ። ሲኞራ ፒዬሪና በር ላይ ቆመው ነበር፤ የመጣው ለመጠየቅ መስሏቸው እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንዳወጣት አላውቅም። አወጣት ግን። ሴትዮዋ አልተቆጡም። ወደ ውስጥ ገቡና ያዋለዷቸውን ሁሉ የሚጽፉበትን ጥቁር ደብተር ይዘው ወጡ፣ መነጽራቸውንም አደረጉ።

«ሰኞ ስድስት ሊትር፣ ለካርሊና መንታ ስሄድ። ረቡዕ አምስት። ዓርብ ሰባት፣ ሌሊቱን ከቤት ቤት ስዞር። አሥራ ስምንት።» ደብተሩን ዘጉ። «ደግሞ ቆሻሻዋንም መልሼልህ ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ሲኞራ…»

«ሌላም አለ፤ እንዳላሳዝንህ ብዬ አልነገርኩህም ነበር። መኪናህ ዳገት ላይ ታለቅሳለች። ሦስተኛ ማርሽ ስሰጣት ትሞትብኛለች፣ ሁለተኛ ላይ ስመልሳት ትጮኻለች። መሃል ላይ የምትሆን ማርሽ የላትም። አንዲቱ ምጥ የያዛት ሴት የመኪናውን ድምፅ ሰምታ እኔ ከመድረሴ በፊት ጮኸች።» ከዚያ በሩን ዘጉ። ቀስ ብለው ነው የዘጉት፣ እንደ ሁልጊዜው። ኤቫዚዮ አውቶቡሱ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ለሽምብራ ይሁን ለራሱ ይሁን እሱም አላወቀም።

ሰኞ ጠዋት ኮሜንዳቶሬው መኪናዋን መልሰው ላኩ። ኤቫዚዮ ማደያ ወሰዳትና ሞላት፦ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር፣ አምስት ሊትር። ማመን አልቻለም። አምፖል የሚያጠፉት ኮሜንዳቶሬ ቫሌሮም ጨምረውባታል፤ ለገዛ ንድፍ ቤታቸው መኪና፣ ከገዛ ሠራተኛቸው ስለተዋሷት። ሊነግራቸው ወደ ቢሮ ሮጠ፤ ጸሐፊዋ ግን «ሶርማኒን ሊያመጡ ሚላኖ ሄደዋል፤ የሚመለሱት ነገ ነው» አለችው።

ማክሰኞ ጠዋት ትራም ውስጥ ሰይጣን አጠገቡ ተቀመጠ። ዝም ብትልስ? አለው። ሶርማኒ ይፈርማል፣ ሽምብራ ትሠራለች፣ ውሸቱ ሲታወቅ አንተ ጡረታ ወጥተህ ቤትህ ነህ። ኤቫዚዮ ሁለት ፌርማታ ሙሉ አሰበበት። ሦስተኛው ላይ አንድ ድሃ አስተማሪ፣ ሁለት ሊትር ትጠጣለች ተብሎ ሽምብራን ሲገዛና ዳገት መሃል ቤንዚን ሲያልቅበት ታየው። ሰውየው የሚረግመው ሶርማኒን አይደለም። ሽምብራን ነው። ይህን መቻል አቃተው።

ስብሰባው ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ኮሜንዳቶሬው፣ እሱና ሶርማኒ። ሶርማኒ ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚሰበሰብ የሚላኖ ሰው ነው። ኤቫዚዮ ተነስቶ ቁጥሮቹን ተናገረ፦ በአውራ ጎዳና አራት ተኩል፣ በከተማ ሰባት ነጥብ ሁለት፣ በኮረብታ ሰባት ነጥብ ሰባት።

ሶርማኒ ወደ ኮሜንዳቶሬው ዞረ። «በስልክ ሁለት ነበር ያሉኝ።»

«ሁለት ነው» አሉ ኮሜንዳቶሬው፣ ፊታቸው እየጠቆረ። «ቤርቶሎኔ፣ ምን ሆነሃል ዛሬ? እኔ ራሴ ነድቻታለሁ። ሐይቁ ድረስ ሄጄ፣ በተራራው ዞሬ መጣሁ። አምስት ሊትር ነው የገባው፤ ወረቀቱን አይቻለሁ። ውሸታም ልታደርገኝ ነው?»

ኤቫዚዮ አያቸው። ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ። እሱም ያውቃል። ግን ኮሜንዳቶሬው «ቤንዚን ጨምሬልሃለሁ» ብለው ከሚናገሩ ንድፍ ቤቱን ቢዘጉ ይመርጣሉ፤ ደግነታቸውን በእንግዳ ፊት ማውጣት ራቁት መቆም ነው። አንድ መንገድ ብቻ ነበር የቀረው። ሚስቱን በልቡ ጠራና አፉን ከፈተ።

«ኮሜንዳቶሬ፣ መኪናዋን ባዶዋን ነው የመለሱልኝ።»

ሶርማኒ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ኮሜንዳቶሬ ቫሌሮ ከአንገታቸው ጀምረው እስከ መላጣቸው ቀሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት ኤቫዚዮ እንዲህ ሆነው አይቷቸው አያውቅም።

«አሥር ሊትር» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ሐይቁ ዳር፣ አሮና ላይ። አሥር ሊትር ነው የቀዳሁት። አንተ… አንተ ባለጌ።»

«አሥርና አምስት አሥራ አምስት» አለ ኤቫዚዮ፣ እየጻፈ። «ስድስት ሊትር በመቶ ኪሎ ሜትር። አመሰግናለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሶርማኒ ነገሩ እስኪገባው ሁለት ጊዜ አስረዱት። ሲገባው ሳቀ፤ ሚላኖ ውስጥ እንዲህ ያለ ችግር የለም አለ። ቀጥሎ ቁጥሮቹ ያሉበትን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። «ለአውራ ጎዳና መኪና ሞልቷል። ለከተማም አለ። ለኮረብታው ማን ይሠራል?»

«ማንም» አለ ኤቫዚዮ። «እኔም አልሠራሁም፤ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አንድ መኪና ለሁሉም አይሆንም። አካሏ አንድ ይሁን፤ ለኮረብታው ግን ካምቢዮዋ መለወጥ አለበት። ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ መሃላቸው ተራርቋል፤ ስለዚህ አዋላጇ ሁለተኛ ላይ ቤንዚን ሲያቃጥሉ ይውላሉ። እሱን ካቀራረብኩት ቤንዚኑ ይወርዳል።»

«ስንት ድረስ?»

«ስድስት።»

«ስድስት አድርገህ ሚያዝያ ላይ አምጣልኝ። ስድስት ካልሆነች አታምጣት።»

በማግስቱ የኮሜንዳቶሬው ጸሐፊ ትእዛዝ አመጣች፦ ቤርቶሎኔ ጠዋት ጠዋት መተርኮሻ፣ ከሰዓት በኋላ ሽምብራ።

ካምቢዮው አምስት ወር ፈጀ። ኤርመሊንዳ እስከ ገና ድረስ ይቅር አላለችውም፤ ከዚያ ሱቋ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ስድስት ኬክ በላና ታረቁ። ኡጌቶ ዛሬም «እርስዎ» ይለዋል። የቀሩት ሲኞራ ፒዬሪና ናቸው፤ ያለ እሳቸው ደግሞ ሽምብራ አትለካም፤ ያን ዳገት እንደ እሳቸው የሚወጣው የለም። ሚያዝያ መጀመሪያ ኤቫዚዮ አዲሲቱን ሽምብራ ነድቶ በራቸው ላይ አቆመ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነገሩን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሳይዘል ነገራቸው።

እሳቸውም እስኪጨርስ ሰሙት። «ለመለኪያ ነው ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርዎ ባዶዋን ይመልሱልኝ ነበር?»

ሲኞራ ፒዬሪና ሐቀኛ ሴት ስለሆኑ ጥያቄውን በልባቸው መዘኑት። «አልመልስም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «በመለኪያው ማግስት የምሞት ቢሆን እንኳ ትንሽ ጠብ ሳላደርግ አልመልስም።» ወደ መኪናዋ ሄደው የቤንዚኗን ክዳን ነካኩ። «ይሄ ይቆለፋል?»

«ይቆለፋል።»

«ቆልፈውና ቁልፉን ይዘህ ሂድ። እኔ ራሴን አላምነውም።»

በሳምንቱ መኪናዋ ተመለሰች። ታንከሩ አልተነካም፤ ክዳኑ ግን ዙሪያውን ተፋፍቋል። የኋላ ወንበሩ ላይ አንድ ዳምጃን ወይን ጠጅ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል፤ ክብደቱ ከነጠርሙሱ ሠላሳ አምስት ኪሎ። እንዳልረሳው ብለው ሰኞ ጠዋት ነበር የጫኑት፤ ሳምንቱን ሙሉ ዳገት ለዳገት፣ ከምጥ ወደ ምጥ አብሯቸው ዞሯል። ኤቫዚዮ ማደያ ሄዶ ሞላት፣ አሰላ፣ ራሱን ያዘ፤ ስድስት ነጥብ አንድ። አንዲት ቁጥር አልቀነሰም። እንዳለ ጻፈው።

ሶርማኒ ወረቀቱን አይቶ ሰዓቱን ወደ ኪሱ መለሰ። «ስድስት ነበር ያልነው። ነጥብ አንዷ ምንድን ናት?»

«ሲኞራ ፒዬሪና የላኩልኝ ወይን ጠጅ ናት» አለ ኤቫዚዮ።

«ከሒሳቡ ላይ አታወርደውም ነበር?»

ስድስት ወር ሙሉ ኤቫዚዮን «ደኅና አደርክ» ብለውት የማያውቁት ኮሜንዳቶሬ ቫሌሮ ከወንበራቸው ተነሱ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ ለአንድ ሕፃን ልጅ የማያውቀውን ነገር እንደሚያስረዳ ሰው፣ በትዕግሥት ሶርማኒን አዩት።

«ኢንጂነር፣ ሴትዮዋ ራሳቸው የጫኑትን እንዴት አድርጎ ያወርደዋል?» አሉ።

ሶርማኒ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ከዚያ ፈረመ። ሚላኖ ሲመለስ ለፋብሪካው ሰዎች ምን ብሎ እንዳስረዳ እስካሁን አልሰማሁም።